ለመጀመሪያ ጊዜ ደብረ ብርሃን ለምትሄዱ፦ ስለ መኪና፣ ስለ አልጋና ስለ ብርዱ

ደብረ ብርሃን ሊሄዱ ያሰቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ጥሩ ሆቴል የትኛው ነው?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ጠዋት በስንት ሰዓት፣ ወዴት ነው የምትወጡት?» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ግን እዚያ ከተማ አልጋ የሚመረጠው በዚህ ጥያቄ ነው። ለምርቃት የሄደ፣ ለስብሰባ የሄደ፣ አንኮበርን ሊያይ የሄደ እና ወደ ደሴ ሲያልፍ የመሸበት ሰው አንድ ዓይነት አልጋ አይፈልጉም።

እኔ አዳማ ነው ያደግኩት። ሙቀት የለመደ ገላ ነው ያለኝ። መመላለስ የጀመርኩት ታናሽ እህቴ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ነው። እሷ ተመርቃ ወጣች፣ እኔ ግን በስራ ምክንያት አሁንም እሄዳለሁ። የሆቴል ስም አልጠራም፤ ዋጋም አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ዋጋ እናንተ እስክትደርሱ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። የአመራረጡ ነገር ግን ብዙም አይቀየርም።

ከመንገዱ ልጀምር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በደሴ መንገድ። መኪና የሚያዘው ላምበረት መናኸሪያ ነው። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፋችሁ ትገባላችሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ የሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ የሦስት ሰዓት ጉዞ ነው። «መንገዱ ሰላም ከሆነ» ያልኩት እንዲያው ለወግ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በአካባቢው ባለው የጸጥታ ችግር መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው ማታ እዚያው ከተማ ያለ ሰው ጋ ደውሉ። ሰው ከሌላችሁ ልታርፉበት ያሰባችሁት ሆቴል ጋ ደውላችሁ «ዛሬ መኪና ገብቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ ከምታነቡት ይልቅ የእንግዳ ተቀባይዋ መልስ ይሻላል። እሷ ዛሬ ማን እንደገባ በዓይኗ አይታለች። መታወቂያ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይሁን። ፍተሻ ላይ «ውረዱ» ሲባል ሻንጣ መፈተሽ ሌላውን ተሳፋሪ ማስቆም ነው። ሆቴልም ያለ መታወቂያ አልጋ አይሰጥም።

ላምበረት ላይ ሦስት ዓይነት መኪና ታገኛላችሁ፦ ትልቁ አውቶቡስ፣ ቅጥቅጥና ሚኒባስ። ሚኒባሱ ይፈጥናል፤ አንዳንዱ ሹፌር ግን ከሚገባው በላይ ይፈጥናል። ጊዜ ካላችሁ ቅጥቅጡ ይሻላል ባይ ነኝ። የትኛውም ቢሆን ሳይሞላ አይነሳም። ስለዚህ ሊሞላ የቀረበ መኪና መፈለግ ልማድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው!» ሲባል ገብታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ውስጥ ያሉትን ሰዎች እዩዋቸው። ሻንጣ፣ ፌስታል፣ ጋቢ ምናምን ይዘዋል? ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው ከውጭ ካለው ረዳት ጋር የሚቀላለዱ ከሆነ ተሳፋሪ አይደሉም፣ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ ናቸው። እናንተ ስትገቡ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ከዚያ ሰዓት ሙሉ ትጠብቃላችሁ።

ጠዋት ተነሱ። ማለዳ ከወጣችሁ ከቀትር በፊት ትደርሳላችሁ፣ ከቀትር በፊት የደረሰ ሰው ደግሞ አልጋ እየዞረ የመምረጥ ዕድል አለው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጠ የደረሰ ሰው ግን የመጀመሪያውን ያሳዩትን ክፍል ይወስዳል። በብርድ የሚመረጥ አልጋ የለም።

ስለ ብርዱ በደንብ መናገር አለብኝ። ብዙ ሰው «አዲስ አበባም እኮ ይበርዳል» ብሎ በሹራብ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ። ይህ ልዩነት ማታ ማታ ይታወቃል። ከባዱ ብርድ ደግሞ በክረምት ሳይሆን በበጋ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር። ክረምት ላይ ደመናው መሬቱን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያሳድረዋል። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። ሲነጋ ሳሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ። ቀኑን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። በጠዋት ካፖርት፣ በስድስት ሰዓት ቲሸርት፣ በአስራ ሁለት ሰዓት እንደገና ካፖርት ነው። ከንፈር ስለሚሰነጠቅ ቫዝሊን ያዙ። እንደ እኔ ከቆላ የምትሄዱ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ደረጃና ዳገት ላይ ዝግ በሉ፤ ከፍታው ራስ ሊያሳምም ይችላል። ውሃ መጠጣት ይረዳል።

አሁን ወደ አልጋው። እንግዳ መቀበያው ጋ ቆማችሁ «አልጋ አለ?» ስትሉ የሚመጣው ጥያቄ «ሴልፍ ነው ኮመን?» የሚል ነው። ሴልፍ ማለት መጸዳጃና ሻወር ክፍሉ ውስጥ ያለው ነው። ኮመን ደግሞ ከውጭ፣ በጋራ። ሌላ ከተማ ላይ ልዩነቱ የዋጋ ብቻ ነው፤ እኔም አዳማ ቢሆን ኮመን እይዛለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ኮመን ማለት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከብርድ ልብስ ወጥቶ ግቢ ማቋረጥ ሊሆን ይችላል። አቅም ካለ ሴልፍ ያዙ። ካልሆነ ኮሪደሩ የተዘጋ፣ ጣሪያ ያለው መሆኑን አይታችሁ ኮመኑን ያዙ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሙቅ ውሃ ነው። «ሙቅ ውሃ አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አለ» ነው የሚሏችሁ፤ ውሸታቸውንም ላይሆን ይችላል። ጥያቄው «ቦይለሩ የየክፍሉ ነው የጋራ?» መሆን አለበት። የየክፍሉ ከሆነ ማብሪያው የት እንደሆነ ያሳዩአችሁ። ብዙ ጊዜ ከሻወሩ በር ውጭ ግድግዳው ላይ፣ ቀይ መብራት ያላት ማብሪያ ናት። ከመክፈላችሁ በፊት አብሩትና መብራቷ መብራቷን እዩ። የጋራ ከሆነ ደግሞ በስንት ሰዓት እንደሚለቁት ጠይቁ። ሁሉም እንግዳ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከታጠበ የሦስተኛ ፎቅ ሰው የሚደርሰው ለብ ያለ ውሃ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ፦ «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ቦይለሩን ያነሳል?» ይህን ስጠይቅ አንዷ እንግዳ ተቀባይ ከልቧ ሳቀች። «እህቴ፣ ጄኔሬተሩ አምፖልና ቴሌቪዥን ነው የሚችለው» አለችኝ። ለዚህ ሐቀኝነቷ ስል እዚያው አደርኩ። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው፦ ክፍሉ ውስጥ እንደገባሁ፣ ጫማ እንኳ ሳላወልቅ፣ ቦይለሩን አበራለሁ። መብራት ማታ ቢጠፋም የሞቀው ውሃ በርሜሉ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል።

ብርድ ልብሱን ሳታዩ ደግሞ ቁልፍ አትቀበሉ። አልጋ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ቁጠሩ። አንድ ከሆነ ተጨማሪ አሁኑኑ ጠይቁ። «ማታ ይመጣልዎታል» የሚባል ብርድ ልብስ አራት ሰዓት ላይ አይመጣም፤ ዕቃ ቤቱን የያዘው ሰው ቁልፉን ይዞ ቤቱ ገብቷል። ሁለት ብርድ ልብስ ካገኛችሁ አንዱን ከላይ አትደርቡት። ከአንሶላው ስር፣ ፍራሹ ላይ አንጥፉት። ብርዱ የሚመጣው ከታች ጭምር ነው። እህቴ ዶርም ውስጥ የተማረችውን ዘዴም ልንገራችሁ። ወጥ ቤት ሄዳችሁ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ አስሞሉ፤ የፈላ ሳይሆን ሞቅ ያለ፣ የፈላው ፕላስቲኩን ያጨማድደዋል። ክዳኑን አጥብቃችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግር በኩል አስቀምጡት። አንሶላው ያንን ርጥብ የሚመስል ቅዝቃዜውን ሲተው ታውቁታላችሁ።

መስኮቱ ጋ ቆማችሁ መዳፋችሁን በጠርዙ በኩል አሳልፉ። ነፋስ ከገባ ሌላ ክፍል ጠይቁ። ምርጫ ካላችሁ መስኮቱ ወደ ምስራቅ የሚያይ ክፍል ያዙ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ አልጋችሁ ላይ ትደርሳለች። አዲስ የተሠሩ ሆቴሎች ወለላቸው ሴራሚክ ነው። ያምራል፤ በባዶ እግር ግን አይረገጥም። ነጠላ ጫማ ከቤታችሁ ያዙ።

ስለ ድምፅ። ደብረ ብርሃን በአንድ ትልቅ አስፋልት ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ናት። ያ አስፋልት ደግሞ የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ነው። ተሳቢ መኪኖች ሌሊቱን ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማችኋል። ትልልቆቹ ሆቴሎች ፊታቸውን ለአስፋልቱ ስለሰጡ ብዙ ሰው «ፊት ለፊት ያለው ክፍል ይሻላል፣ እይታ አለው» ብሎ ይወስዳል። ለእንቅልፍ የጓሮው ይሻላል። ምድር ቤቱ ላይ ሙዚቃ ቤት ካለ ግን የጓሮውም አያድንም፤ ይህንን ቀን ላይ በሩ ላይ በተደረደሩት ድምፅ ማጉያዎች ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ሌሊት ማኅሌት ሲቆም በማይክ ይሰማል። እኔ ይህን እወደዋለሁ። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ግን በዓል መሆን አለመሆኑን ካላንደር ላይ እዩ።

ብቻዬን የምሄድ ሴት ስለሆንኩ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ ይኑረው፤ ቁልፍ ብቻ አይበቃኝም። ከምድር ቤት ይልቅ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ እመርጣለሁ። መናኸሪያ ላይ «አልጋ ፈልገሽ ነው? ርካሽ አለ» የሚል ደላላ አይጠፋም። አብዛኛው ክፉ ሰው አይደለም፣ እንጀራው ነው። ግን የእሱ ኮሚሽን የእኔ ሂሳብ ላይ ነው የሚደመረው። ስለዚህ «ዘመድ ጋ ነው የምሄደው» ብዬ እልፋለሁ።

ስለ ዘመድ ካነሳሁ ዘንዳ፣ ይህንን ማንም አይጽፈውም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ካላችሁ አልጋ ቤት ማደር ቅያሜ ያመጣል። የእናቴ የአክስት ልጅ እዚያ አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ሆቴል መያዜን የሰሙ ዕለት ስልክ ላይ «አንቺ ልጅ፣ እኛ ሳንሞት አልጋ ቤት?» አሉኝ። መልስ የለውም። መውጫ መንገዱ እንዲህ ነው። ከተማ እንደገባችሁ መጀመሪያ ቤታቸው ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አይሁን፤ ስኳርና ቡና ይበቃል። ቡናው እስከ ሦስተኛው ይጠጣ። ከዚያ «ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና አለብኝ፣ እናንተን አላስነሳም» በሉ። የሌሊት መኪና የሚለው ምክንያት ይከበራል። ካልተከበረ እደሩ፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሆቴል የሌለው ነገር አለ፣ ከባዱ የበግ ጸጉር ባና። ባና ለብሶ ያደረ ሰው ስለ ቦይለር አያወራም።

አካባቢውን በተመለከተ፣ ከአዲስ አበባ ስትመጡ መጀመሪያ የምትደርሱት ጠባሴ ነው፤ ከዚያ ነው መሃል ከተማው። ጉዳያችሁ ጠባሴ በኩል ከሆነ እስከ መናኸሪያ ሄዶ በባጃጅ መመለስ ትርፉ ድካም ነው። ለረዳቱ «ጠባሴ ወራጅ» በሉት። ጠባሴ አካባቢ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ጸጥታውም ይሻላል። መሃል ከተማ ደግሞ ባንክ፣ ምግብ ቤትና ፋርማሲ በእግር ነው። ማታ መውጣት የምትወዱ ከሆነ መሃል ከተማ ያዙ። ማለዳ መኪና ያለባችሁ ከሆነ ለመናኸሪያው የቀረበ ይሁን፣ ሻንጣ ይዛችሁ በጨለማ ባጃጅ ከመፈለግ ያድናችኋል።

ለምርቃት የምትሄዱ ወላጆችና ወንድም እህቶች ሆይ፣ ለእናንተ ሕጉ ሌላ ነው። የምርቃት ሰሞን ያ ሁሉ ስለ ፀሐይና ስለ መስኮት ያልኩት አይሰራም፣ አልጋ ከተገኘ ተመስገን ነው። ቀኑ እንደታወቀ ተማሪው ራሱ በአካል ሄዶ ቀብድ ከፍሎ ደረሰኝ ይያዝ። በስልክ «ይዘንልዎታል» የተባለ አልጋ የሚያዘው ሌላ ሰው ብር ይዞ እስኪመጣ ነው። አንድ ቦታ እኛም ይህ ደርሶብን ነበር፤ አባቴን ይዘን ማታ በር በር ስንል አመሸን። ደረሰኙ ላይ የክፍሉ ቁጥርና የምትገቡበት ቀን ይጻፍ። የስብሰባ ሰሞንም እንደዚሁ ነው። አንድ ስልጠና ከመጣ ሙሉ ሆቴል ይያዛል፣ ስለዚህ ስትደውሉ «በዚያ ቀን ስብሰባ አለባችሁ?» ማለት አይከፋም።

ከተማ ውስጥ የምትንቀሳቀሱት በባጃጅ ነው። በሰው የሚጭን አለ፣ ኮንትራት አለ። ሻንጣ ይዛችሁ ከቆማችሁ ኮንትራት ነው የሚመስላቸው። ከመግባታችሁ በፊት «በሰው ነው?» በሉ። ዋጋውን ባጃጁን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ባለሱቅ ጠይቁ። ማስቲካ ግዙና «ወንድሜ፣ ከዚህ እስከ ስላሴ በሰው ስንት ነው?» በሉት። ትክክለኛውን ይነግራችኋል። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም የሚጠራ የለም። አድራሻ ማለት ቤተ ክርስቲያን፣ ባንክ፣ ፋብሪካ ወይም ትምህርት ቤት ነው። «ከስላሴ ወረድ ብሎ» ያሏችሁ እንደሆነ ቀኝና ግራውን ጭምር አስነግራችሁ ያዙ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ እዚያ አካባቢ ያደርሳችኋል፤ በሩ ላይ የሚያደርሳችሁ ግን ሰው ነው። ማታ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሰራ እንግዳ መቀበያው ጋ ጠይቁ። ይህ እንደ ጊዜው ሁኔታ ይቀያየራል። አንድ ትሁት ባለባጃጅ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ፣ ለቆይታችሁ በሙሉ ይበቃችኋል። ጋሪም አለ። ለአጭር መንገድ፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ደስ ይላል።

ከተማዋ ውስጥ ሲታይ የሚዋለው ብዙ አይደለም፤ ይህን ደብቄ ምን እጠቀማለሁ። ስላሴ ቤተ ክርስቲያንን ግን ሳታዩ አትመለሱ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት፣ ስሟም ከዚያ ወጣ። ብርሃኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1456 ከታየችው የሃሊ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያገናኙ አሉ። አሁን የሚታየውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት አፄ ምኒልክ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ ገብታ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና «የመላእክቱ ፊት የታለ?» አለችኝ። እሱ ጎንደር ነው። ጎንደርም ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለ፤ በመላእክት ፊት የተሞላው ጣሪያ የዚያኛው ነው።

ምግቡን በአጭሩ፦ የገብስ አገር ነው። ጠዋት ገንፎ ወይም በሶ ካገኛችሁ ብሉ፣ ከሆቴሉ እንቁላል ሳንድዊች ይሻላል፤ ብርድም ያስችላል። አረቄ «ያሞቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ቆዳችሁን ያሞቀዋል፣ ያንኑ ሙቀት ግን ወደ ውጭ ነው የሚያስወጣው። በሙቅ ክፍል ውስጥ ጠጡት፤ ጠጥታችሁ በእግር አትመለሱ። ብርድ ልብስ መግዛት ካሰባችሁ ቦታው ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው የከተማዋ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሙን ያገኘው በዚሁ ነው። ባና ከፈለጋችሁ ደግሞ በገበያ ቀን ከመንዝ የሚመጣውን ጠይቁ። ስትዳስሱት እጃችሁን ካሳከካችሁ እውነተኛ ነው።

ከከተማዋ ወጥቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው የአልጋው ምርጫ እንደገና ይለወጣል። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረ፣ ምኒልክም አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የኖሩበት ቦታ ነው። መኪናው የሚያደርሳችሁ የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ነው። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ከዚያ ራቅ ይላል፣ መጨረሻውም ሽቅብ በእግር ነው። ደርሶ መልስ ካሰባችሁ በመጀመሪያው መኪና ሂዱ። ከሰዓት በኋላ የመመለሻ መኪና እየሳሳ ይሄዳል። ጎረቤላ እንደወረዳችሁ፣ ኮረብታውን ከማየታችሁ በፊት፣ «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ሁለት ሰው ጠይቁ። ሁለቱ የተለያየ ሰዓት ከነገሯችሁ የቀደመውን እመኑ። ገንዘብ ካላችሁ ግን እዚያው ኮረብታው ላይ ባለው ሎጅ እደሩ። ጠዋት ጉሙ ከስር ሲሆን ቆላው እስከ አፋር በኩል ይዘረጋል። ለዚህ ብቻ ሁለተኛ ሌሊት ይገባዋል።

ወደ ደሴ መስመር ከቀጠላችሁ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች የሠሩትን ዋሻ ታልፋላችሁ፤ ርዝመቱ 587 ሜትር ነው። ከወዲህ ፀሐይ ሆኖ ከወዲያ ጉም ሊሆን ይችላል። ጭላዳ ዝንጀሮ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሳር ሲነጭ ካያችሁ ከመኪና ውስጥ ፎቶ አንሱት፣ ምግብ ግን አትወርውሩለት። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፤ ሴቶቹ መስኮቱ ድረስ ያመጡላችኋል፣ ዝርዝር ብር አዘጋጁ። ከዚያ ቁልቁለት ነው፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ጠዋት በካፖርት ተነስታችሁ ከቀትር በኋላ ላብ ታብሳላችሁ። እዚያ አልጋ ስትይዙ ስለ ቦይለር አትጠይቁ። ቬንትሌተሩ ይሠራል ወይ? አጎበር አለ ወይ? አጎበሩን ዘርግታችሁ ቀዳዳውን እዩ፣ አካባቢው ወባ አለበት። ሁለቱን ከተማ በአንድ ጉዞ የምታዩ ከሆነ ሻንጣችሁ ውስጥ ለሁለቱም አየር የሚሆን ልብስ ይኑር።

መንዝ ለሚሄዱ፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ወደ መሃል ሜዳ ይታጠፋል። ጓሳ ያለው እዚያ በኩል ነው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያሉበት፣ ህዝቡ ራሱ ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ሜዳ። ብርዱ ከደብረ ብርሃን ይብሳል። መንዝ ውስጥ ሽማግሌ ስታናግሩ «አንቱ» በሉ፤ «እርስዎ» ከምትሉት ይልቅ ጆሯቸው የለመደው እሱን ነው። ለጻድቃኔ ማርያም ጸበል የምትሄዱም ወደ ሰላ ድንጋይ በኩል ነው። እዚያ የሆቴል ምቾት አትጠብቁ። የራሳችሁን ጋቢና ብርድ ልብስ፣ ሴቶች ረዘም ያለ ቀሚስና ነጠላ ያዙ። በዓመታዊ በዓል ሰሞን ማረፊያ ስለሚጨናነቅ፣ የተለየ ስለት ከሌለባችሁ ተራ ቀን ምረጡ።

ስትመለሱ እሁድ ከሰዓት በኋላን ራቁ። ተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ለቅሶና ሰርግ የሄደውም አንድ ላይ ነው የሚመለሰው፣ ታሪፉም በዚያ ሰዓት ቃል ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወይም ሰኞ ማለዳ ይሻላል። ሆቴሉን የምትለቁበትን ሰዓት ማታውኑ ጠይቁ፤ ስድስት ሰዓት የሚሉ ይበዛሉ፣ አራት ሰዓት የሚሉም አሉ። ለሌሊት መኪና የምትወጡ ከሆነ ሂሳባችሁን ማታ ጨርሱ፣ ዘበኛውም በሩን በስንት ሰዓት እንደሚከፍት ንገሩት። ሸኖ ላይ መኪናው ከቆመ ቅቤ ግዙ፣ ስሙ ያለምክንያት አልወጣም። ለጋ መሆኑን ቀምሳችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙት፣ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ሞተሩ አጠገብ አታስቀምጡት። ለገጣፎ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ለረዳቱ ሰንዳፋን እንዳለፋችሁ ንገሩት።